ጉልበት የተጨመረለት ኳድ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

የኳድህን፣ የባለ አራት ጎማ ሞተርህን፣ ማርሚታ ቀየርክ። የአየር ፊልትሮውን ቀየርክ። የአየር ሳጥኑን ክዳን አንስተህ ጋራዥ ጥግ አስቀመጥከው። ከዚያ አስነሳኸው፤ ድምፁ ልብ ይሞላል። ነዳጅ ስትሰጠው ግን ይታፈናል፣ ስትለቀው ማርሚታው ውስጥ ይተኩሳል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ምንም ሳይነካ ከነበረው ያነሰ ይጎትታል። ገንዘብህን አውጥተህ ጉልበት የቀነስክ ይመስልሃል። ለጊዜው ልክ ነህ፣ ቀንሰሃል። ግን የሚስተካከል ነገር ነው፤ አብዛኛው በጥቂት ዶላር እቃና በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ያልቃል።

የምጽፈው እጄ ላይ ስላለውና ብዙ ጊዜ ስለፈታሁት ሞተር ነው፤ ሆንዳ ቲአርኤክስ 400 ኢኤክስ። በፈረንጆቹ 1999 ሞዴል የወጣ፣ 397 ሲሲ፣ አንድ ሲሊንደር፣ አራት ቫልቭ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ 38 ሚሊ ሜትር ኬሂን ካርቡሬተር (አየርና ነዳጅ የሚያደባልቀው ክፍል) ያለው። ቀላልና ታጋሽ ሞተር ነው። ያንተ ያማሃ ወይም ሱዙኪ ቢሆንም፣ ባለ ካርቡሬተርና ባለ አራት ምት እስከሆነ ድረስ አብዛኛው ነገር ይሠራልሃል።

ወደ ችግሮቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልበል። ጉልበት ማለት አየር ነው። ማርሚታም፣ ፊልትሮም፣ ትልቅ ፒስተንም፣ ካምሻፍትም (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ሥራቸው አንድ ነው፤ ብዙ አየር ማስገባትና ቶሎ ማስወጣት። አየሩ ሲጨምር ነዳጁ መከተል አለበት። ካርቡሬተሩ ግን ክዳኑን እንዳነሳህለት አያውቅም፤ ፋብሪካው በሰጠው ቀዳዳ ልክ ብቻ ነው የሚያጠጣው። ስለዚህ ማንኛውም ችግር ሲመጣ መጀመሪያ ራስህን ጠይቅ፤ አየሩ ምን ሆነ? ነዳጁስ ተከተለው ወይ?

ነዳጅ ስትሰጠው ይታፈናል፣ ስትለቀው ይተኩሳል

ዘጠና እጁ የነዳጅ ማነስ ነው፤ ድብልቁ ሳስቷል። ለማረጋገጥ ገንዘብ አያስፈልግም። ያነሳኸውን ክዳን ለጊዜው መልሰህ ግጠምና ንዳው። ከተሻለው ነዳጅ አንሶታል ማለት ነው፣ ምክንያቱም አየሩን ስትቀንስበት ሚዛኑ ተመለሰ። ካልተሻለው ወይም ከባሰበት ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ቾኩን ትንሽ ስበህ መንዳትም ያው ነገር ነው፤ ቾክ ሲሳብ ከተስተካከለ ነዳጅ እየጠየቀህ ነው።

አሁን ጥያቄው የቱ ጋ ነው የሚያንሰው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ዋናውን ጄት (ነዳጅ የሚያልፍበት ባለ ቀዳዳ ትንሽ ብሎን) ብቻ ቀይሮ «አልሠራም» ይላል። ካርቡሬተር ውስጥ ነዳጅ የሚያሳልፉት ክፍሎች በየድርሻቸው ነው የሚሠሩት። ከሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጠው ሲሠራ) ጀምሮ ነዳጅ መስጫው አንድ ስምንተኛ እስኪከፈት ትንሹ ጄትና የድብልቅ ብሎኑ ናቸው። ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ መርፌው ነው። ከሦስት ሩብ በላይ እስከ ሙሉ ዋናው ጄት ነው። ስለዚህ ነዳጅ መስጫው ላይ ፕላስተር ለጥፍ፣ በእስክርቢቶ ዜሮን፣ ሩብን፣ ግማሽን፣ ሦስት ሩብንና ሙሉን ምልክት አድርግና ውጣ። አውራ ጣትህ የቱ ምልክት ላይ ሲደርስ ነው የሚታፈነው? ሩብ ላይ ከሆነ ዋናውን ጄት ሃያ ጊዜ ብትቀይር ምንም ለውጥ የለውም።

መፍትሄው እንደዚህ ነው። ገና ስትነካው ከታፈነ የድብልቅ ብሎኑን በግማሽ ዙር እየፈታህ ሞክር። ብሎኑ በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል ካለ ሲፈታ ነዳጅ ይጨምራል፤ በፊልትሮው በኩል ያለ ዓይነት ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው፣ ሲጠብቅ ነው የሚጨምረው። ከሦስት ዙር በላይ ከፈታህ ትንሹን ጄት አንድ ቁጥር አሳድገው። መሃል ላይ ከታፈነ የመርፌውን ክሊፕ አንድ እርከን ወደ ታች አውርድ፤ ክሊፑ ሲወርድ መርፌው ከፍ ይላል፣ ነዳጅ ይጨምራል። ሙሉ ላይ ከደከመ ዋናው ጄት። ኬሂን ላይ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይሰፋል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር። ሦስቱን አንድ ላይ ከነካካህ የትኛው እንዳሻለው አታውቅም፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ግምት ይሆናል።

ዋናውን ጄት የምትፈትነው በካንዴላ ነው። አዲስ ካንዴላ ግጠም፣ ሰፊና ባዶ ቦታ ላይ በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ ሙሉ ነዳጅ ስጠው፣ ከዚያ ነዳጁን ሳትቀንስ የማጥፊያ ቁልፉን ተጫንና ፍሪሲዮኑን ያዝ፣ በራሱ ይቁም። እዚያው ፈትተህ የሸክላውን ሥር ተመልከት። የአጃ ቂጣ የመሰለ ቡናማ ከሆነ ጥሩ ነው። እንደ ኖራ ከነጣ ነዳጅ አንሶታል። ጥላሸት ከሆነ በዝቶበታል።

መተኮሱ ብቻ ከቀረ ደግሞ ማርሚታው ቴስታታው (የሲሊንደሩ ራስ) ላይ የሚገጠምበትን ቦታ እይ። እዚያ ጥቁር የጭስ ምልክት ካለ አየር ይገባል ማለት ነው፤ ጓርኒሲዮኑን (ማሸጊያውን) ቀይር። ክፍት ማርሚታ ያለው ኳድ ቁልቁለት ላይ ትንሽ ቢተኩስ ግን አያስጨንቅም።

ቤት ሰላም ነበር፣ ሌላ አገር ስትወስደው ታመመ

ይሄንን የተማርኩት በአንድ ፒስተን ዋጋ ነው። የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ኳዴን የማስተካክለው ኖርዝ ሳንድ ሂልስ ላይ ነበር፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአሸዋ ኮረብታ ነው፣ ከአዲስ አበባ ትንሽ ከፍ ይላል። እዚያ አየሩ ከባህር ወለል ጋር ሲነጻጸር ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሳሳል። አየሩ ከሳሳ የሚፈልገው ነዳጅም ያንሳል፤ ስለዚህ እዚያ ልክ የመጣልኝ ጄት ትንሽ ነበር። ኳዱ ይበር ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ኮሎራዶ በረዶ ሲሆን ከጓደኞቼ ጋር ወደ ካሊፎርኒያ፣ ግላሚስ ወረድን። ግላሚስም የአሸዋ ኮረብታ ነው፣ ከባህር ወለል ግን ከፍታው 100 ሜትር ገደማ ነው። ጠዋቱ ብርድ ነበር፤ የቀዘቀዘ አየር ደግሞ የበለጠ የታመቀ ነው። ማለትም በሁለት በኩል አየር ጨመርኩለት፣ ነዳጁን ግን በተራራው ልክ ተውኩት። በዚያ ላይ ከቤት በጀሪካን የሞላሁት ቤንዚን 85 ኦክቴን ነበር። ኮሎራዶ ውስጥ ተራው ቤንዚን 85 ነው፤ ኦክቴኑ ዝቅ ሲል ቤንዚኑ በራሱ ለመፈንዳት ይቀለዋል። ፒስተኔ ደግሞ የፋብሪካው አይደለም፤ የፋብሪካው እመቃ (ፒስተኑ ድብልቁን የሚያምቅበት ልክ) 9.1 ለ 1 ሲሆን የእኔ 10.5 ነበር።

መጀመሪያ የሰማሁት ረጅም ዳገት ላይ ነው፤ ጣሳ ውስጥ ጠጠር ሲንኳኳ የመሰለ ድምፅ። ካቴና ነው ብዬ አለፍኩት። ከሰዓት በኋላ ጉልበቱ እየለቀቀ ሄደና ቆመ። ካንዴላውን ስፈታ ሸክላው ነጭ ነው፣ ላዩ ላይ እንደ ደቃቅ ጨው የተበተኑ የሚያብለጨልጩ ነጠብጣቦች አሉ። በጥፍሬ ፋቅኳቸው፣ አልለቀቁም። አሉሚኒየም ናቸው። ከራሱ ከፒስተኑ ቀልጠው የመጡ። ካንዴላህ ላይ እንደዚህ ዓይነት ነገር ካየህ ሞተሩን ደግመህ አታስነሳው። ቴስታታው መነሳት አለበት።

መፍትሄው ቀላል ነው፣ ቀድሞ ከታሰበበት። ወደ ቆላ ስትወርድ ዋናውን ጄት ሁለት ሦስት ቁጥር ትልቅ አድርገህ ጀምር፣ በካንዴላ እያየህ አስተካክል። ትንሽ የበዛ ነዳጅ ሞተሩን ያንተባትበዋል እንጂ ቶሎ አይገድለውም፤ ያነሰ ነዳጅ ግን ይገድለዋል። ወደ ደጋ ስትወጣ በተቃራኒው ቀንስ፣ ካልቀነስክ ጥቁር ያጨሳል፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ከፍታውን፣ የአየሩን ሙቀትና የጄቱን ቁጥር በማስታወሻ ያዝ። የእኔ በአየር ሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ በማርከር ተጽፏል።

ዳገት ላይ የጠጠር ድምፅ ያሰማል

ከላይ ያልኩት ድምፅ ነው፤ ነዳጁ የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት በራሱ ሲፈነዳ የሚሰማ። ምክንያቱ ሦስት ነው፦ የቤንዚኑ ኦክቴን ዝቅ ማለት፣ የድብልቁ መሳሳት፣ የሞተሩ ከመጠን በላይ መጋል። ብዙ ጊዜ ተባብረው ነው የሚመጡት። እመቃውን ከፍ ካደረግክ ከማደያው ያለውን ከፍተኛውን ቤንዚን ተጠቀም፤ ኮሎራዶና ካሊፎርኒያ ላይ 91 ነው። 12 ለ 1 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ማደያ አይበቃህም፣ የውድድር ነዳጅ ትገዛለህ። ለመዝናኛ የሚነዳ ሰው እዚያ ድረስ መሄዱን አልመክርም። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ነው፣ የሲሊንደሩ ክንፎች መካከል የደረቀ ጭቃ እንኳን ካለ ይግላል። ጭቃውን አጥበህ አስወግድ።

ሌላ ድምፅ ደግሞ አለ፣ አትቀላቅላቸው። ጠዋት ስታስነሳው «ታክ ታክ» ብሎ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ፣ ፒስተንህም ፎርጅድ (ተቀጥቅጦ የተሠራ) ከሆነ፣ ያ ተፈጥሮው ነው። ፎርጅድ ፒስተን ሲሞቅ የበለጠ ስለሚሰፋ ቀዝቃዛ እያለ ትንሽ ይላላል። በደንብ አሙቀውና ንዳው። ሞቆም ካልጠፋ ግን ሲሊንደሩ ከልክ በላይ ሰፍቷል።

ዘይት ይተፋል፣ ሰማያዊ ያጨሳል

እዚህ ላይ ትንሽ ቆየት ልበል፣ ምክንያቱም ደህና ሞተር ሲፈታ አይቻለሁ፣ በዘይት መለኪያ የተነሳ ብቻ።

400 ኢኤክስ ዘይቱን የሚያስቀምጠው በተለየ ታንክ ነው። ሞተሩ ሲያድር ዘይቱ ቀስ እያለ ከታንኩ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። ጠዋት ሳታስነሳ መለኪያውን ስትስብ ደረቅ ነው። ሰው ደንግጦ ይጨምራል። ሞተሩ ሲነሳ የወረደው ዘይት ወደ ታንኩ ይመለሳል፣ አሁን ታንኩ ከአፉ በላይ ሞላ። ትርፉ በመተንፈሻው ቱቦ ወደ አየር ሳጥኑ ይገባል፣ ፊልትሮውን ያረጥባል፣ ከዚያ ሰማያዊ ጭስ። ባለቤቱ «ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል» ይልና ሞተር ያስፈታል።

ትክክለኛው አለካክ ይሄ ነው፤ አስነሳው፣ ሦስት እስከ አምስት ደቂቃ በሚኒሞ ይሥራ፣ አጥፋው፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቅ፣ ሜዳ ቦታ ላይ መለኪያውን ጠርገህ ሳታጠብቀው አስገባና አንብብ። ሳጥኑ ውስጥ ዘይት ካገኘህ መጀመሪያ ትርፉን ቀንስ፣ ሳጥኑንም ፊልትሮውንም አጽዳ። ጭሱ ከጠፋ ጨርሰሃል።

ዘይቱ ልክ ሆኖም ካጨሰ፣ በተለይ ሲሊንደሩን ካስሰፋህ በኋላ፣ ያኔ ፋሻው ይጠየቃል። የፋሻው ጽሑፍ ወይም ምልክት ያለበት ፊት ወደ ላይ ነው የሚሆነው። የፋሻዎቹ ክፍተቶች በአንድ መስመር መገጠም የለባቸውም። አዲስ ፋሻ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ቢያጨስ ይታገሱታል፤ ሁለት ሦስት ታንክ ቤንዚን ከጨረሰ በኋላም ከቀጠለ ግን የአገጣጠም ወይም የቁርጡ ችግር ነው።

ስለ ማስፋት ካነሳን አይቀር፤ የፋብሪካው ሲሊንደር 85 ሚሊ ሜትር ነው። 87 ሲሆን 416 ሲሲ፣ 88 ሲሆን 426፣ 89.5 ሲሆን 440 ሲሲ ይወጣል። እኔ 416 ላይ ቆሜያለሁ። ግድግዳው በሳሳ ቁጥር ሙቀት ይበረታል፣ ለሚቀጥለው ጊዜ የሚሰፋ ነገርም አይቀርህም። ቶርኖ ቤት ስትሄድ ፒስተኑን ይዘህ ሂድ። ፒስተኑን ለክቶ በእሱ ልክ ነው መቆረጥ ያለበት። «ቁጥሩን ንገረኝ፣ ይበቃኛል» ያለኝ አንድ ቶርኖ ቤት ያበላሸብኝን ሲሊንደር እስካሁን አልጣልኩትም።

ጉልበቱ በየሳምንቱ እየቀነሰ ይሄዳል

አንድ ቀን ሳይሆን ቀስ በቀስ ከሆነ አሸዋ ነው። ብዙ አየር የሚገባበት መንገድ ብዙ አሸዋም ያስገባል። ክዳኑን ስታነሳ ፊልትሮውን የሚጠብቀው አንድ ነገር ተነሳ። ፊልትሮውን አውጣና ከኋላው ያለውን ቱቦ በነጭ ጨርቅ ወይም በጣትህ ጥረግ። ጣትህን ከአውራ ጣትህ ጋር ፈትግ። ካንሸራተተ ደህና ነው። ትንሽ እንኳን ከሻከረ አሸዋው አልፎ ገብቷል፤ ያ የሻከረህ ነገር ሲሊንደሩ ውስጥ እንደ ብርጭቆ ወረቀት እየሠራ ነው።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ፊልትሮው ሳይሆን ጠርዙ ነው። ጠርዙ ላይ ስስ ጊሪስ ቀብተህ ግጠም፣ ማጥበቂያውን እስኪይዝ አጥብቅ። የስፖንጅ ፊልትሮ በፊልትሮ ዘይት ተነክሮ ተጨምቆ ነው የሚገባው፤ ደረቅ ስፖንጅ ደቃቅ አሸዋን አያቆምም። ላዩ ላይ የጨርቅ ሽፋን አልብሰው። ካምፕ ላይ በየማታው ፈትሸው። እኔ ሁለት የተዘጋጁ ፊልትሮዎች በፌስታል አሽጌ ነው የምወጣው፣ ጭነት አይሆኑም።

ጉዳቱ ደርሶ እንደሆነ ለማወቅ እመቃውን ለካ፣ ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምረህ ደግመህ ለካ። በዘይቱ ከጨመረ ፋሻውና ሲሊንደሩ ናቸው። ካልጨመረ ቫልቮቹን ጠርጥር። የቫልቭ ክፍተቱ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ነው የሚለካው፤ ለዚህ ሞተር ማስገቢያው 0.10፣ ማስወጫው 0.12 ሚሊ ሜትር ነው። ክፍተቱ ከጠበበ አስቸግሮ ይነሳል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል።

ነዳጅ ለቀህለትም ሚኒሞው ቶሎ አይወርድም

ከካርቡሬተሩ በኋላ አየር ይገባል። ካርቡሬተሩን ከሲሊንደሩ የሚያገናኘው ጎማ ይሰነጠቃል፤ ማርሚታና ጄት ሲቀየር ደጋግሞ ስለሚፈታ። ሲታጠፍ ነው ስንጥቁ የሚታየው፣ ስለዚህ አጥፈህ እይ። ሞተሩ ገና ሳይግል፣ ከማርሚታው ርቀህ፣ ትንሽ የካርቡሬተር ማጽጃ ንፋበት፤ የሞተሩ ድምፅ ከተቀየረ አገኘኸው። ጎማውን ቀይር። በሙጫ የሚዳን ነገር አይደለም።

ቴስታታው ከተነሳ በኋላ አልነሳ ብሎኛል

የቫልቮቹ መክፈቻ ጊዜ ስቷል። የካምሻፍቱ ካቴና አንድ ጥርስ እንኳን ከዘለለ አይነሳም፣ ወይ ተነስቶ ጉልበት አይኖረውም፣ ወደ ኋላ ይተኩሳል። መግነጢሱ ላይ ያለውን የ«ቲ» ምልክት አስተካክል፣ የካምሻፍቱ ጥርስ መስመሮች ከቴስታታው ገጽ ጋር እኩል መሆናቸውን እይ። ሞተሪኖውን (የኤሌክትሪክ ማስነሻውን) ከመንካትህ በፊት በቁልፍ በእጅህ ሁለት ሙሉ ዙር አዙረው። የሆነ ቦታ ከያዘህ አትግፋው፤ ቫልቭ ፒስተን ነክቶ ይሆናል። ሞተሪኖ ግን አይጠይቅም፣ ያጣምማል።

እመቃው ስለጨመረ ሞተሪኖው እየከበደው ከሆነ ባትሪውን አስፈትሽ፣ የሞተሪኖውን ገመድ ጫፎች አጽዳ። ያ ካልበቃ ነው ሌላ ነገር የሚፈለገው።

ሞተሩ ይጮሃል፣ ኳዱ ግን አይሄድም

ፍሪሲዮን ነው። አዲሱን ጉልበት አሮጌው ስፕሪንግ አልያዘውም። ነገር ግን መጀመሪያ ዘይቱን ጠይቅ። የዚህ ኳድ ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ ነው የሚሠራው፤ «ነዳጅ ቆጣቢ» የተባለ የመኪና ዘይት ካስገባህ ሰሌዳዎቹ ይንሸራተታሉ። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል ምልክት ያለበትን የሞተርሳይክል ዘይት ግዛ። ቀጥሎ የፍሪሲዮኑን ገመድ እይ፣ እጀታው ላይ ትንሽ ልቅነት መኖር አለበት። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ጠንከር ያለ ስፕሪንግ ግጠም፣ ሰሌዳዎቹንም በዚያው ለካቸው።

ሁሉም ልክ ነው፣ ግን አሸዋ ላይ አይነሳም

ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ካቴናው የሚዞርበት ጥርስ ነው ያልተመቸው። የፋብሪካው ፊት 15፣ ኋላ 38 ነው። ከባድ የአሸዋ ጎማ ስታስገባበት ሞተሩ ጉልበቱ ያለበት ዙር ላይ ሳይደርስ ይታፈናል። የፊቱን ወደ 14 አውርደው፤ መጎተቱ በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ከከፍተኛው ፍጥነት ትንሽ ትከፍላለህ። ለአሸዋ ትርፉ ይበልጣል። ይሄ ከማንኛውም የሞተር ክፍል ያነሰ ዋጋ ያለው እቃ ነው፣ እኔ ከማርሚታው በፊት ነበር መግዛት የነበረብኝ። ማርሚታውን ከገዛህ ደግሞ የእሳት ብልጭታ ማገጃ እንዳለው እይ፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ በፈረንጆቹ ከ1986 ወዲህ ለተሠራ የድምፅ ጣሪያው 96 ዴሲቤል ነው፣ ጠባቂዎቹ መለኪያ ይዘው ይቆማሉ። ጥርሱን ስትቀይር ካቴናው ስለሚላላ መልሰህ ወጥረው፣ አንተ ላዩ ላይ ተቀምጠህበት እያለ ሌላ ሰው ይለካልህ፤ ቆሞ ልክ የሆነው ካቴና ሰው ሲቀመጥበት ይጠብቃል።